የጀልባ አጥንት ሲበሰብስ፦ እንጨቱ፣ ሬዚኑና ፎሙ ሲነጻጸሩ

ባለፈው ጥቅምት ጀልባችንን ከውሃ አውጥተን ወለሏን በ6 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ በሳነው። እንጨቱ ጤነኛ ቢሆን ደረቅ ብናኝ ይወጣ ነበር። የወጣው ግን ከጀበና ሥር እንደሚቀረው የቡና አተላ ጥቁርና እርጥብ ነው። ትራፓኖውን ስንነቅለው ቀዳዳው ማልቀስ ጀመረ። እስከ ማታ ጠብ ጠብ ሲል አመሸ።

ከዚያ በፊት ለወራት «ሞተሩ ደከመ» ስንል ከርመናል። ካንዴላ ቀየርን፤ ካርቡሬተር አስጠረግን። ሞተሩ ግን ደህና ነበር። ጀልባዋ ናት ውሃ ጠጥታ የከበደችው። ሐይቅ ዳር ያረጁ አንድ ጀልባ ነጂ መጥተው አዩና «አብሽር ልጄ፣ ቆዳዋ ደህና ነው። አጥንቷን ቀይርላት» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው በወሎዎቹ ሐይቆች፣ በሐይቅም ሆነ በአርዲቦ፣ አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ ላላችሁ ነው። «በርካሽ ልሽጥልህ» ተብላችሁ ለምታመነቱም ይሆናል። ጥገናው ሦስት ግዢ አለው፦ እንጨት፣ ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀውና ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ) እና ፎም። ብዙ ሰው ጭንቀቱን ሁሉ እንጨቱ ላይ ያደርጋል። እኔ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ሬዚኑ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የፋይበር ግላስ ቀፎ፣ ማለትም የጀልባዋ ቆዳ፣ ብቻውን ስስ ነው፤ ይተጣጠፋል። ቀጥ አድርገው የሚይዙት ወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉት ሞራሌዎች ናቸው። እንጨት ሆነው በፋይበር ይለበጣሉ። በመሃላቸው ያለው ባዶ ቦታ ፎም ይሞላበታል። ጀልባዋ ውሃ ቢገባባት እንኳ እንዳትሰጥም የሚያደርጋት እሱ ነው። ውሃው የሚሰርገው ወንበር በታሰረበት የቪስ ቀዳዳ፣ በተሰነጠቀ ጠርዝ፣ አንድ ሰው ገመድ ሊያስር በበሳው ቦታ ነው። አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። ፎሙ ይዞ እንጨቱ ላይ ያስተኛዋል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ካገኘ ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ በታች የደረቀ እንጨት አይበሰብስም። ማንኛውም እንጨት ቢሆን።

እንጨቱ

ደሴም ኮምቦልቻም በቀላሉ የምታገኙት የባሕር ዛፍ ሞራሌ ነው። ጠንካራና ርካሽ ነው። ችግሩ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እርጥቡን ገዝታችሁ ብትለብጡት እዚያው ልባጡ ውስጥ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ፋይበሩንም ይዞት ይላቀቃል። ስለዚህ ጥላ ሥር ከርሞ የደረቀውን ፈልጉ። ሲገዙት ቀጥ ያለው ከወራት በኋላም ቀጥ ብሎ ከቆመ እሱ ይሆናል።

ጽድ በተፈጥሮው መበስበስንም ምስጥንም ይቋቋማል። ለአጥር ቋሚ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ዘይት አለው፤ ሬዚን ደግሞ ዘይት ካለበት ነገር ጋር አይዋደድም። ከመረጣችሁት በአሴቶን ጥረጉትና መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ሬዚኑ ሲደርቅ ፋይበሩን በመሮ ላጡት። የእንጨት ስንጥር ይዞ ከተነሳ ጥሩ ይዟል። ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ተዉት። ዋንዛ ሳይጣመም ይቆማል፣ ለሥራም ይመቻል። እኔ ግን ለቁም ሳጥን የሚሆን ጣውላ ፋይበር ውስጥ መቅበር አልወድም። ጽድም ዋንዛም አገር በቀል ዛፎች ስለሆኑ በሕጋዊ መንገድ የተቆረጡ መሆናቸውን ሳትጠይቁ አትግዙ።

እኛ የመረጥነው ኮምፔንሳቶ ነው። ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው ስለተለጠፉ አይጣመምም። 18 ሚሊ ሜትሩን ሁለት አድርገን ለጥፈን 36 ሚሊ ሜትር ወፍራም ሞራሌ ሠራንበት። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ አረጋግጡ። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሸጠው ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ ሙጫው ውሃ አይችልም። ነጋዴው ምንም ቢላችሁ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱና ድስት ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ቀቅሏት። እኛ ሦስት ናሙና ቀቅለን ሁለቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላለጡ። የገዛነው ሦስተኛውን ነው። ቺፕውድና ኤምዲኤፍን ጭራሽ አታስቧቸው።

ከእንጨቱ ዓይነት በላይ የሚያሳስበኝ ቁመቱ ነው። አንዳንድ አናጺ «ትንሽ ዝቅ ብናደርገው ምን አለበት» ይላል። ብዙ አለበት። ቁመቱን እጥፍ ስታደርጉት ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይጨምራል፤ ወርዱን እጥፍ ስታደርጉት ግን እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር የነበረውን ሞራሌ በ12 ብትተኩት ግትርነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት በካርቶን ቅርጹን አንሱ። ቢበሰብስም ልኩን ይነግራችኋል።

ሬዚኑ

በከተሞቻችን የፋይበር ሥራ የሚያውቅ ሰው የምታገኙት የመኪናና የባጃጅ ባትላሜራ ቤቶች ውስጥ ነው። የሚጠቀሙት ፖሊስተር ሬዚን ነው። ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፤ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር (ማድረቂያ) ይበቃዋል። ጀልባዋም መጀመሪያ ፋብሪካ ስትሠራ በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ምን ጎደለው?

የጎደለው መያዝ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ንብርብሮቹ ሁሉ ትኩስ እያሉ ስለሚደራረቡ አንድ አካል ይሆናሉ። እናንተ ግን የምትለጥፉት ከደረቀ ሃያ ዓመት ባለፈው ፋይበር ላይ ነው። ፖሊስተር እዚያ ላይ የሚይዘው በተፋቀው ሸካራ ገጽ ብቻ ነው። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፤ ጠርዙን ወደ ላይ ይጎትታል። እንጨት ላይ ሲሆን ይብሳል። የእኛ አሮጌ ሞራሌ ልባጥ በእጅ ሲጎተት ልክ እንደ ሙዝ ልጣጭ ነው የተገፈፈው።

ኢፖክሲ ሌላ ነው። እንጨቱንም አሮጌውን ፋይበርም አጥብቆ ይይዛል፤ ሲደርቅ እምብዛም አይኮማተርም፤ ውሃም በቀላሉ አያሳልፍም። ዋጋው ግን ከፖሊስተር ሁለት ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ አውቃለሁ። ሆኖም ወለሉን ቆርጦ ማንሳቱን፣ መፋቁን፣ በፋይበር አቧራ ሲያሳክክ ማደሩን የቀመሰ ሰው ያንን ሥራ ሁለተኛ መሥራት አይፈልግም። እንጨቱ ላይ የቆጠባችሁትን እዚህ አምጡት።

ኢፖክሲ ከገዛችሁ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ልኩ ቀልድ አያውቅም። በፖሊስተር የለመደ ባለሙያ «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ ሃርድነር ይጨምርበታል። ኢፖክሲ ላይ ይህ ከተደረገ እስከ መጨረሻው ልፍስፍስ ሆኖ ይቀራል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ልክ በጥንቃቄ ስፈሩ። ሁለተኛ፣ ብርድ አይወድም። ከ10 ዲግሪ በታች ብዙዎቹ መድረቅ ያቆማሉ። የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይሻላል። ሐይቅ ላይም ከረፋድ በኋላ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ባትላሜራ ቤት የሚሸጠው ብጥስጣሽ የፋይበር ምንጣፍ ጭረቱን የሚያያይዘው ማጣበቂያ በፖሊስተር እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ነው። በኢፖክሲ አይሟሟም፤ ምንጣፉም ደርቆ ይቀራል እንጂ ማዕዘን ላይ አይታጠፍላችሁም። ለኢፖክሲ እንደ ጨርቅ የተሸመነውን ግዙ።

ታዲያ ፖሊስተር የሚገዛ የለም ማለት ነው? አለ። ጀልባዋን ሁለት ዓመት ተጠቅሞ ለላሜራ ጀልባ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ፖሊስተር ይበቃዋል። ብቻ አሮጌውን ፋይበር በ40 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ከሞራሌው ግራና ቀኝ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪነጣ ይፋቀው። ያልተፋቀ ቦታ ላይ የተለጠፈ ፋይበር አልተለጠፈም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። አንዳንድ ፖሊስተር ኮባልት የሚባለው ማፍጠኛ ለብቻው በጠርሙስ ይመጣለታል። ኮባልቱንና ሃርድነሩን በቀጥታ አትቀላቅሉ። ይፈነዳል። መጀመሪያ አንዱ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይበጥበጥ፤ ከዚያ ሌላው። ዕቃዎቹንም አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

ፎሙ

እዚህ ጋ ሰው ብዙ ይሳሳታል። የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሰው ጭናችሁ ስትሄዱ ከእግራችሁ በታች ያለው ውሃ ቀላል አይደለም። ፎሙን «ምን ያደርጋል» ብሎ አውጥቶ ባዶውን የሚዘጋ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት።

ስንት ያስፈልጋል? እንዲህ አስሉት። ፋይበር ግላስ ራሱ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ ውሃ ውስጥ ግን የሚመዝነው የደረቅ ክብደቱን ሲሶ ያህል ነው። 400 ኪሎ የምትመዝን ቀፎ 135 ኪሎ ያህል ደጋፊ ትፈልጋለች። ሞተሩ ክብደቱን በአብዛኛው ይዞ ይቆጠራል፤ ባትሪና ዕቃም አለ። 220 ኪሎ ግድም ይመጣል። አንድ ሊትር አየር ወይም ፎም አንድ ኪሎ ያህል ያነሳል። መጠባበቂያ ጨምራችሁ 300 ሊትር ያዙ።

ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚነፋው ፖሊዩሪቴን ፎም እያንዳንዱን ጥግ ይሞላል፤ ወለሉንም ይደግፋል። ደረቅ ሆኖ ቀላል ነው፤ በሜትር ኩብ 32 ኪሎ የሚመዝነው ዓይነት 300 ሊትሩ አሥር ኪሎ አይሞላም። ግን ለዓመታት ውሃ ውስጥ ከተኛ ቀስ በቀስ ይጠጣል። ሲሶው ውሃ ቢይዝ መቶ ኪሎ ሳታውቁት ተሸክማችኋል ማለት ነው። የእኛ እንደዚያ ነበር። በአካፋ ስናወጣው እንደ ጭቃ ይከብዳል፤ ስንጨምቀው ቢጫ ውሃ ይወጣዋል። ሲነፋ የሚወጣው ጭስም ለሳንባ አደገኛ ነው።

ለግንባታ የሚሸጠው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ውሃ የመጠጣት ልምዱ በጣም ያነሰ ነው። እየተቆረጠ ይገባል፤ ከተፈለገም ይወጣል። ምናልባት ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይጠይቅ ይሆናል። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፎም ከዚህ ያንሳል፤ ፍሬ ፍሬ ስለሆነ በመሃሉ ውሃ ያስገባል። ሁለቱም ፖሊስተር ከነካቸው ይቀልጣሉ። እጃችን ላይ ነው የቀለጡት፤ አንድ ጠብታ ፈሶ ቡጢ የሚያህል ጉድጓድ ሠራ። ኢፖክሲ አያቀልጣቸውም።

ከዚያ ደግሞ የእኛው ጀሪካን አለ። ባለ 20 ሊትሩ ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ 19 ኪሎ ገደማ ያነሳል። 15 ጀሪካን 285 ኪሎ ነው። ውሃ አይጠጣም፤ በዓመት አንዴ አውጥታችሁ ታዩታላችሁ። ጠባቡ ቦታ ውስጥ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ይገባል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው። ወለሉ ላይ የሚከፈት መዝጊያ ተሠርቶለት፣ ጀሪካኖቹ እንዳይንከባለሉ በገመድ ታስረው። ጉድለቱ ወለሉን አለመደገፉ ነው። ስለዚህ ወለሉ ራሱ ወፈር ይበል፣ ወይም በሞራሌዎቹ መሃል አግዳሚ ይጨመርለት።

የቱንም ብትመርጡ ሁሉንም ከታች አትቆልሉት። ከታች ብቻ የተሞላ ጀልባ ውሃ ሲገባበት ይገለበጣል። ግማሹ ያህል በጎንና በጎን፣ ከፍ ብሎ ወንበር ሥር ይግባ።

ሥራው ሲጀመር

ሞራሌዎቹን በአንዴ አትንቀሉ። ቀፎው ቅርጹን ይለቅና አዲሱ ሞራሌ ያንን ጠማማ ቅርጽ ያጸናዋል። ከሥር በደንብ ደግፉ፤ አንዱን አውጥታችሁ አንዱን ተኩ። አዲሱን ቀፎው ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ በኢፖክሲ የተለወሰ ወፍራም ስቱኮ አንጥፉለት፣ ማዕዘኑንም በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጉት። ፋይበር ስለታም ማዕዘን ላይ አይተኛም። ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ ስትበሱ ውስጡን በኢፖክሲ ቀቡ። ያልተቀባች አንዲት ቀዳዳ የሠራችሁትን ሁሉ ታበላሻለች።

ጊዜውን ደግሞ አስቡበት። ቀፎው ወለሉ ተነሥቶ ሳምንታት መድረቅ አለበት። ክረምቱ እንዳለፈ ጥቅምት ላይ ከጀመራችሁ በልጉ ሳይደርስ ትጨርሳላችሁ። የካቲት ላይ የጀመረ ሰው ሸራ ይዞ ሲሮጥ ይከርማል።

ላሜራ ጀልባ ማሠራትስ? በያጅ በየቦታው ስላለ ጥገናው ቀላል ነው። ክብደቱ፣ ቀለሙና ዝገቱ ግን ዘላቂ ወጪ ነው፤ ቤንዚንም ይበላል። ቀፎው ያልተሰነጠቀና የሞተር ማሰሪያ ግድግዳው ያልበሰበሰ ጀልባ ካላችሁ ጥገናው ያዋጣል። ያ ግድግዳ ከበሰበሰ ሥራው እጥፍ ስለሚሆን ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ዋጋው በደንብ ይቀነስላችሁ፤ አለዚያ ተዉት።

የእኛዋ በጥር መጨረሻ ውሃ ገባች። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አፍንጫዋን ከፍ አድርገን የኋላውን ታፖ እንፈታለን። ባለፈው ሳምንት የወጣው ውሃ ግማሽ ስኒ አይሞላም።