የአሳማ አንጀት ሞዴል ሲመርጡ፦ የሕዋስ መስመር፣ ኦርጋኖይድ ወይስ ንጣፍ?

የአንጀትን ሥራ በቤተ ሙከራ ለማጥናት የአሳማ ሕዋስ መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «እውነተኛውን አንጀት ይበልጥ የሚመስለው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚሞከረው ነገር የሚያርፈው በሕዋሱ በየትኛው ወገን እንደሆነ ቢወስን ይሻለዋል። የአንጀት ሕዋስ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ምግብ ወደሚያልፍበት ቦይ፣ ሌላው ወደ ደም ሥሮች ይመለከታል። ምርጫውን የሚያጠበው በአብዛኛው ይህ ነው።

በጣም የተለመደው አማራጭ አይፔክ-ጄ2 የተባለው የሕዋስ መስመር (በቤተ ሙከራ ደጋግሞ የሚባዛ የአንድ ዘር ሕዋስ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ገና ጡት ካልጠባ የአሳማ ግልገል ጄጁነም፣ ማለትም ከትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል ተለይቶ የወጣ ነው። ከካንሰር አለመምጣቱ ከሰው የአንጀት ካንሰር ከተገኘው ካኮ-2 ይለየዋል። ቶሎ ይባዛል፤ ለአያያዝም አያስቸግርም። ብዙ የመኖ ተጨማሪዎችን ባጭር ጊዜ ለማበጠር ከፈለጉ ሌላ አይፈልጉ። ጉድለቱ የአንድ ዓይነት ሕዋስ ስብስብ መሆኑና የአንድ እንስሳ ዘር ብቻ መያዙ ነው። በጥጃ ሽል ሴረም (ከደም በሚለይ ፈሳሽ) ሲያድግ ደግሞ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት አቅሙ ከእውነተኛው አንጀት እጅግ ይበልጣል፤ በአሳማ ሴረም ሲያድግ ወደ እውነተኛው ይቀርባል። ስለዚህ የሁለት ቤተ ሙከራዎችን ውጤት ከማነጻጸርዎ በፊት በየትኛው ሴረም እንደሠሩ ይመልከቱ።

ኦርጋኖይድ፣ ማለትም ከግንደ ሕዋስ (ሌሎች ሕዋሳትን ከሚያፈራ ሕዋስ) የሚበቅል ትንሽ የአንጀት አምሳያ፣ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን ኔዘርላንድስ ውስጥ ከአይጥ አንጀት ግንደ ሕዋስ ማብቀል ከቻለ በኋላ ዘዴው ለአሳማም ተሠራበት። ንጥረ ምግብ የሚመጥጡ፣ ልጋግ የሚያመነጩና ሆርሞን የሚረጩ ሕዋሳት በአንድነት ይገኙበታል። ከጄጁነም የተወሰደው የጄጁነምን፣ ከኢሊየም (ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍል) የተወሰደውም የኢሊየምን ጠባይ ይዞ ይቆያል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማስቀመጥና ከተለያዩ ግልገሎች ስብስብ ማበጀትም ይቻላል።

ኦርጋኖይዱ የሚበቅልበት ማትሪጄል የተባለው ዝልግልግ ማቀፊያ የሚዘጋጀው ከአይጥ ዕጢ ነው፤ የአሳማ ሞዴላችን በአይጥ ዕጢ ላይ መቀመጡን ሻጮች ጮክ ብለው አይናገሩትም። ሥራውም ፋታ አይሰጥም። ማትሪጄሉ በበረዶ ላይ ፈሳሽ ነው፤ ሲሞቅ ይረጋል። ስለዚህ የፒፔቱ ጫፍ ቀዝቃዛ፣ ጠብታው የሚያርፍበት ሳህን ደግሞ ሞቃት መሆን አለበት። ከምርት ዙር ወደ ምርት ዙርም ይለያያል። ዋናው ችግር ግን ኦርጋኖይዱ እንደ ኳስ መዘጋቱና ምግብ የሚነካው ፊት ወደ ውስጥ መዞሩ ነው። ባክቴሪያ ወይም መኖ ለማስገባት በቀጭን መርፌ መውጋት፣ አለዚያም ማትሪጄሉን አስወግዶ ፊቱን ወደ ውጭ መገልበጥ ያስፈልጋል። ስለ ሕዋስ መባዛትና መታደስ ለሚያጠና ሰው ግን ይህ እንቅፋት አይሆንም።

የምግብ መምጠጥን ወይም የአንጀት ግድግዳን ጥብቀት ለሚለካ ሰው የእኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው፦ ኦርጋኖይዱን ለያይቶ ቀዳዳማ ገለፈት ላይ መዘርጋት። ንጣፉ ሲሞላ ከላይ ምግቡን ይጨምሩበታል፤ ከታች ያለፈውን ይለካሉ። ሕዋሳቱ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ፊት ክፍት ነው። ነገር ግን ንጣፉ እንደ ኦርጋኖይዱ ለረጅም ጊዜ አይባዛም፤ ስለዚህ ለየሙከራው አዲስ መዘርጋት ግድ ይላል።

ከሦስቱም የደም ሥር፣ ነርቭና የመከላከያ ሕዋሳት ይጎድላሉ። የነርቭ ቁጥጥርን የሚያጠና ሰው በኡሲንግ ክፍል (የአንጀት ቁራጭ በሁለት ፈሳሾች መካከል ተወጥሮ በሚለካበት መሣሪያ) ውስጥ ትኩስ የአንጀት ቁራጭ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ እሱም ቢሆን ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይቆይም።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን የአንጀቱን ክፍል፣ የእንስሳውን ዕድሜ፣ ስንት ጊዜ እንደተባዛና ከማይኮፕላዝማ (የሕዋስ እርባታን ከሚበክል ረቂቅ ባክቴሪያ) ነፃ መሆኑን ይጠይቁ። ጡት ያልተወ ግልገል አንጀት ላክቶስን (የወተት ስኳርን) የሚፈጭበት አቅም ካደገው ይበልጣልና ዕድሜው ዝርዝር ጉዳይ አይደለም። ጥናትዎ የተቅማጥ አምጪው ኢ. ኮላይ ኤፍ4 ከሆነ ደግሞ የለጋሹን የዘር ምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ አንዳንድ አሳማዎች ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ተቀባይ የላቸውም፤ ከእነርሱ የተወሰደ ንጣፍ ባክቴሪያው ምንም እንደማያደርግ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።