ኦቾ ሪዮስ ለምትወርዱ፦ እማዬን ኪንግስተን አድርሶ በሰዓቱ ለመለሰልን ሾፌር

«ያንን ልጅ አመሰገንሽው ወይ?» ከመርከብ ከወረድን ጀምሮ እማዬ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። በስልክ አመስግኜዋለሁ። እሷ ግን «ሰው ይስማ እንጂ» ትላለች። «ልጅ» የምትለው ሰውዬ ጢሙ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያየ የጃማይካ ሾፌር ነው። ይኸው፣ ሰው ይስማ።

ባለፈው ነሐሴ አራት ሆነን ከማያሚ መርከብ ተሳፈርን። እኔ፣ እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጇና እማዬ። ነሐሴ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ዋጋው ቀነስ ይላል፤ እኛም የሄድነው ለዚያው ነው። ፍልሰታ መሆኑን አላሰብንበትም። ማለቴ እኔና እህቴ አላሰብንበትም። እማዬማ አስባበታለች፤ ሻንጣዋ ውስጥ በሶ፣ ቆሎና አንድ ቋጠሮ በርበሬ ይዛ ነው የመጣችው። መርከቡ ላይ የሌለ ምግብ የለም። ለእሷ የሚሆን ግን በፍለጋ ነው። ካሮቱ ላይ ቅቤ፣ ድንቹ ላይ ቅቤ፣ ሾርባው ውስጥ ክሬም።

ጃማይካ ላይ የምንወርደው ኦቾ ሪዮስ ወደብ ነበር። መርከቡ እዚያ የሚሸጣቸው ጉብኝቶች የታወቁ ናቸው። የደንስ ሪቨርን ፏፏቴ እየረገጡ መውጣት፣ ከዶልፊን ጋር መዋኘት፣ ጫካ ላይ በገመድ መንሸራተት። ጉልበቷን ለሚያማት፣ ምርኩዝ ለያዘች የ74 ዓመት ሴት አንዱም አይሆንም። እሷ ደግሞ የፈለገችው ሌላ ነው። ኪንግስተን ያለችውን የእኛን ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መሳለም። የምዕራቡ ዓለም ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ይስሐቅ የደከሙባትን። በግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. ለቦብ ማርሌይ ጸሎት የተደረሰባትን። (እማዬ ስለ ቦብ ማርሌይ የምታውቀው የክርስትና ስሙን ብቻ ነው፤ ብርሃነ ሥላሴ።)

መርከቡ ላይ ጉብኝት የምትሸጠው ልጅ ካርታ እንኳን አላየችም። «ኪንግስተን ሩቅ ነው፣ አይቻልም» አለችን። አለቀ።

የሾፌሩን ስልክ የሰጠችኝ አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት ነርስ ናት። ዋትሳፕ ላይ ጻፍኩለት። ዋጋ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ መልሶ ጠየቀኝ። «መርከባችሁ የጃማይካን ሰዓት ይይዛል ወይስ በማያሚ ሰዓት ነው የሚቆየው?»

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጃማይካ በበጋና በክረምት ሰዓቷን አትቀይርም። አሜሪካ ትቀይራለች። ስለዚህ በነሐሴ ማያሚ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አንዳንድ መርከብ ደሴቱ ሲደርስ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ የእኛው ግን በማያሚው ይቆያል። ስልካችሁ የደሴቱን ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ ወደ ጃማይካ ሰዓት ይዞራል። መርከቡ «3፡30 ላይ ሁሉም ሰው ተሳፍሮ ያልቃል» ሲል ስልካችሁ ገና 2፡30 ነው የሚላችሁ። በራሳችሁ ሾፌር ወጥታችሁ ከዘገያችሁ ደግሞ መርከቡ አይጠብቃችሁም። ራሱ በሸጠላችሁ ጉብኝት ከሄዳችሁ ነው የሚጠብቀው።

በዚህ ላይ የእማዬ የእጅ ሰዓት አለ። አሜሪካ 19 ዓመት ኖራ ዛሬም በሀበሻ ቆጠራ ነው። ለእሷ መመለሻችን ዘጠኝ ተኩል ነው። እንግዲህ ሦስት ዓይነት ሰዓት ይዘን ነው ከመርከብ የወረድነው።

ከወደቡ በር ስንወጣ «ታክሲ! ታክሲ!» የሚለው ብዛት መርካቶን ያስንቃል። አትደንግጡ፣ ፈቃድ ያለውን የምትለዩት በታርጋው ነው። እንደኛ ሀገር ኮድ 1፣ እዚያም የታክሲ ታርጋ ቀይ ነው። የእኛው ሰው ቀይ ታርጋ ያላት ሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ ድሬድ ጸጉሩን በሹራብ ኮፍያ ጠቅልሎ። እማዬን ሲያይ መጀመሪያ ያየው ምርኩዟን ነው። ወዲያው ከኋላ የለስላሳ ሳጥን አውጥቶ ደፋውና በሩ ሥር አስቀመጠው። ደረጃ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ በቆምን ቁጥር ያ ሳጥን ከእኛ በፊት ይወርዳል፣ ከእኛ በኋላ ይጫናል። አንድ ቀን እንኳን አልረሳውም እንዳልል የነበርነው አንድ ቀን ነው፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳን አልረሳውም።

መስታወቱ ላይ ማሰሪያው የተበጠሰ አሮጌ የእጅ ሰዓት አንጠልጥሏል። «ይሄ የመርከባችሁ ሰዓት ነው» አለን። ጠዋት ጠዋት፣ በዕለቱ በሚጭናቸው ሰዎች መርከብ ሰዓት ይሞላዋል። የራሱ ስልክ የጃማይካን ሰዓት ያሳያል፤ እኛ ያለንበት ጊዜ ግን ያ የተንጠለጠለው ነው።

ከኦቾ ሪዮስ አጠገብ ተነስቶ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ኪንግስተን የሚሻገር የክፍያ መንገድ አለ። ቻይኖች ሠርተውት በ2016 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እህቴ «የአዳማው መንገድ ታናሽ ወንድም» አለችው። ዳገቱ ሲጀምር ግን የዓባይ በረሃ ዘመድ ሆነብን። መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ ከፊት የተቀመጠችው እማዬ መሪ በሌለበት የሾፌር ቦታ ላይ ነበረች። በየመታጠፊያው እግሯ ፍሬን ይፈልጋል።

እሱ እማዬን «እቴጌ» ነው የሚላት። ራስታዎች ሴትን በክብር ሲጠሩ እንዲህ ይላሉ፣ በእንግሊዝኛ ማለት ነው። ስተረጉምላት «ማነው እቴጌ?» ብላ ዞር ዞር አለች። ግማሹ መንገድ ላይ ሲደርስ ስለ ጃንሆይ ጉብኝት ነገረን። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 21 ቀን 1966። እሱ የሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ እናቱ ትከሻ ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር። እሱ ራሱ ምንም አያስታውስም፤ እናቱ ዕድሜ ልኳን ስትነግረው የኖረችውን ነው የሚያወራው። ዝናቡን፣ አጥሩን ጥሶ የገባውን ሕዝብ፣ ጃንሆይ ሕዝቡን አይተው ከአውሮፕላኑ መውረድ ማቃታቸውን፣ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባለው የራስታ ሽማግሌ ደረጃው ላይ ወጥቶ ሰዉን መንገድ ማስለቀቁን።

ስተረጉም እማዬ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «እኔ ደሴ ተማሪ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ ዳቦ ተሰጥቶን ነበር» አለች። እንደ ተራ ነገር።

ይህን ስተረጉምለት እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ሚኒባሷ ዳገቱ ላይ ሞተች ማለት ይቻላል። «በዓይኗ? በዓይኗ አይታቸዋለች?» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሾፌርና የተሳፋሪ ነገር ቀረ። ምን ለብሰው ነበር፣ ድምፃቸው ምን ይመስላል፣ ውሻቸው አብሯቸው ነበር ወይ። እማዬ የምታስታውሰውን ነገረችው፣ ያላስታወሰችውን «እንጃ» አለች። የፈራሁት ጥያቄ ግን መምጣቱ አልቀረም። እማዬ ጃንሆይን አምላክ ብሎ ለሚያምን ሰው ምን ትላለች? እሷ ግን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችውና «ልጄ፣ ጃንሆይም እኮ እንደኔ ይጾሙ ነበር፤ ማን ፊት ይሰግዱ እንደነበር አንተው አስበው» አለች። ፈርቼ ለስለስ አድርጌ ተረጎምኩት። የገባው ይመስለኛል። ረጅም ሳቅ ሳቀና «እቴጌ መምህር ናት» አለ።

ቤተ ክርስቲያኗ ማክስፊልድ አቬኑ ላይ ናት። ሰፈሩ ቱሪስት የሚዞርበት አይደለም፤ እሱ ግን አስቀድሞ ደውሎ ነበርና ነጠላ የለበሱ አንዲት ጃማይካዊት እናት በር ላይ ጠበቁን። የክርስትና ስማቸውን ሲነግሩን «ወለተ» ብለው ጀመሩ። እማዬ በቃ አለቀሰች። ጫማዋን ልታወልቅ ስትታገል ተንበርክኮ ያወለቀላት ሾፌሩ ነው። እሱ ራሱ አልገባም፣ ውጭ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ውስጥ የነበረውን አልጽፈውም፤ የእማዬ ነው።

ስንወጣ የእሷ ሰዓት ስድስት ሊል ሩብ ጉዳይ ነበር። የስኳር መድኃኒት ስለምትወስድ እስከ ዘጠኝ መቆየት አትችልም፤ ስድስት ሰዓት ላይ መብላት አለባት። መንገድ ላይ ስለ ጾሙ ነግሬው ነበር፣ የማይበላውን እየዘረዘርኩ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። «ይሄማ የእኛ ምግብ ነው» አለና አራት ጠረጴዛ ያላት አንዲት የራስታ ምግብ ቤት ወሰደን። አይታል ይሉታል። ጎመን የሚመስል ካላሉ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቀይ ባቄላ፣ የተጠበሰ ፕላንቴን፣ የዳቦ ፍሬ። መርከቡ ላይ በአራት ቀን ያላገኘነው የጾም ምግብ፣ ኪንግስተን ጓሮ ውስጥ። እማዬ አንድ ጉርሻ ቀመሰችና ቀስ ብላ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ጨው ረስተዋል።»

አልረሱም። አጥባቂ ራስታ ጨው አይጨምርም። ስነግራት ደነገጠች። «እኛ እንኳን በጾም ጨው አልከለከልንም» አለች። ከቦርሳዋ ቋጠሮዋን አወጣችና በርበሬውን ነሰነሰችበት፤ ሳህኗን ጨረሰች። ከዚያ ለሾፌሩም ቆንጥራ ሰጠችው። ወደደው።

የእህቴ ልጅ የቦብ ማርሌይን ቤት ካላየሁ ብሎ ያዘ። ሆፕ ሮድ ላይ ያለው ሙዚየም ነው። እህቴም «ተጨማሪ እንከፍላለን» አለች። እኔ ስልኬን አየሁ፣ ጊዜ ያለን መሰለኝ። ሾፌሩ የተንጠለጠለውን ሰዓት በጣቱ ነካ አደረገ። «በደጁ አሳልፋችኋለሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ። አልገባም፣ አላስገባም» አለ። ልጁ አኮረፈ። እኔም በልቤ ትንሽ ተቀየምኩ፣ እውነቱን ልናገር። ተጨማሪ ብር እምቢ የሚል ሾፌር አጋጥሞኝ አያውቅም።

ተራራው ላይ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። እንዲያ ያለ ዝናብ በሕይወቴ አላየሁም። መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ በእግር ጉዞ ሆነ። የሙዚየሙን ቲኬት ቆርጠን ቢሆን ኖሮ እዚያው ተራራ ላይ ሆነን መርከቡን በሐሳብ እንሸኘው ነበር። ወደብ የደረስነው በመርከቡ ሰዓት 2፡50 ላይ ነው። አርባ ደቂቃ ቀረን። ሳጥኑ ወረደ፣ እማዬ ወረደች።

በኋላ በረንዳ ላይ ሆነን ሁለት ሰዎች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው መርከቡ ድረስ ሲሮጡ አየን። ተሳፋሪው ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። ደረሱ፣ ለጥቂት። የስልክ ሰዓት ሰለባዎች ናቸው ብዬ እገምታለሁ። እማዬ አላጨበጨበችም። «እግዚኦ፣ እኛ ብንሆን እኔ በምን ጉልበቴ?» አለች።

ለአራታችን፣ የመንገዱን ክፍያ ጨምሮ፣ 240 የአሜሪካ ዶላር ነው የከፈልነው። ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ ላከልኝ፣ መጨረሻ ላይ አልተቀየረም። «የአጎቴ ሱቅ ነው» ብሎ የትም አላቆመንም። ቡና መግዛት ስፈልግ እንኳን ወደብ ላይ ውድ እንደሆነ ነግሮኝ ተራ ሱፐርማርኬት አስገባኝ። አንድ ጉድለት ካልኩ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል፤ ስትነግሩት ይቀንሳል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይወጣል።

ስሙንና ቁጥሩን እዚህ አላወጣም፣ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ስለጠየቀኝ። የምትሄዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉለት የመርከባችሁን ስምና በየትኛው ሰዓት እንደሚሄድ ይዛችሁ ጠብቁ። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይዛችሁ ከሆነም ንገሩት። ሳጥኑን ያመጣል።

ስንለያይ እማዬ የቀረውን በርበሬ ከነቋጠሮው ሰጥታው ነበር። ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከልኝ። «እቴጌን ጠይቂልኝ፤ እዚህ በርበሬ ውስጥ ጨው አለበት እንዴ?»

አነበብኩላት። ትንሽ አሰበች። «አለበት በይው። ግን በጣም ጥቂት ነው በይው።»