ፓራውልት የሚበይዱት ጋሼ ካያኬን አተረፉልኝ

ይህን ምስጋና ከሦስት ሳምንት በፊት ልጽፈው ነበር። ግን የብየዳ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ሲያዩት ሁሌም ያምራል፤ ውሃ ላይ ሳይፈተን ለሰው መጠቆም ነውር ነው ብዬ ቆየሁ። አሁን አራት ጊዜ ወንዝ ወርጄበታለሁ፤ ስለዚህ ልናገር።

ለማታውቁኝ፣ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ሥራ በማይኖረኝ ቀን ፖቶማክ ወንዝ ላይ ካያክ፣ ማለትም አንድ ሰው የሚቀመጥባትን ጠባብ ጀልባ፣ እቀዝፋለሁ። ሐይቅ ላይ እየተንሸራሸሩ ፎቶ የሚነሱበትን ዓይነት ሳይሆን፣ ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ነጭ አረፋ የሚደፍቅበትን። ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በታች ወንዙ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ገደሎች መሃል ይጠብና ማዘር ጎርጅ የሚባለው ቦታ ይጀምራል። ስሙ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ከነበሩት ከስቲቨን ማዘር የመጣ ነው። ይህንን ለእናቴ ማስረዳት ግን አልተቻለም። አንድ ቀን ደውላ «የት ነሽ?» ስትለኝ «ማዘር ጎርጅ» አልኳት። «የማዘርሽን ነገር ተይና ከውሃው ውጪ» አለችኝ። አባይ ዳር ልጅ ላሳደገች እናት ወንዝ መጫወቻ አይደለም፤ አልፈርድባትም።

ካያኬ የተሰነጠቀችው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ የምንቀዝፍ ሰዎች ከቤት ሳንወጣ መጀመሪያ የምናየው የሊትል ፎልስን የውሃ ከፍታ መለኪያ ነው፤ የዚያን ቀን 2.8 ጫማ አካባቢ ይል ነበር። ውሃው ሲያንስ ወንዙ የሚቀል ይመስላል። ኃይሉ እርግጥ ይቀንሳል፣ ግን ተሸፍኖ የነበረው ድንጋይ ሁሉ ጥርሱን ያወጣል። አንዱ ላይ በጎኔ ተወሰድኩና ደነገጥኩ። ድንጋዩን ማቀፍ ሲገባኝ ሸሸሁት፤ ጀማሪ የሚሠራውን ስህተት ማለት ነው። ውሃው ወዲያው ገለበጠኝ። ሁለቴ ተመልሼ ልቃና ሞከርኩ፣ አልሆነም፤ ስከርቴን፣ ማለትም ወገቤ ላይ ታስሮ የጀልባዋን አፍ ከውሃ የሚሸፍነውን ልባስ፣ ስቤ ወጣሁ። እኔ በዋና ዳር ስደርስ ካያኬ ሁለት ድንጋዮች መሃል ተጋድማ፣ ውሃ ሞልታ ቀረች። ውሃ የሞላች ጀልባ ወራጅ ውሃ ሲጫናት በእጅ ጎትቶ ማላቀቅ አይታሰብም።

እዚህ ላይ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኋቸውን ሁለት ሰዎች ላመስግን። አንዷ ገመድ ወረወረችልኝ፤ ሌላው መቅዘፊያዬን ከታች ለቀመልኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጥተው ገመዱን በመዘውር አዟዙረው አሰሩት፤ በዚያ አስተሳሰር የአንድ ሰው ጉልበት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሦስታችን ስንጎትት ጀልባዋ እንደ መቃተት ብላ ተላቀቀች። ወንዝ ላይ ሕጉ ይኸው ነው፤ ማንም ይሁን ማን፣ አጠገብህ የወደቀውን ታወጣለህ። ሌላም ሕግ አለ፤ ከጀልባው ወጥቶ የዋኘ ሰው መኪናው ጋ ሲደርስ በገዛ እርጥብ ጫማው ቢራ ይጠጣል። ጠጣሁ። ጣዕሙን አልነግራችሁም።

ስንጥቁን ያየሁት በሳምንቱ ነው። ስከርቱ ጠበቅ ብሎ እያለ ውስጧ ውሃ ሲሞላ ጊዜ ወደ ቤት ወስጄ ገለበጥኳት። ከመቀመጫው ኋላ፣ ከሆዷ ላይ፣ አንድ ስንዝር የሚሞላ ስንጥቅ። አንድ የጀልባ መሸጫ ወሰድኳት፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ ጎንበስ እንኳ ሳይል «ያበቃላት ናት» አለኝና አዳዲሶቹ ወደተደረደሩበት መራኝ። ከ1,400 ዶላር በታች የሚባል አልነበረም። ያገለገለች ነበር የገዛኋት፤ ዋጋዋ የዚያን ሲሶ አይሞላም።

ጋሼን ያስታወስኳቸው ያኔ ነው። አምና የመኪናዬን የኋላ ፓራውልት ሰው ገጭቶብኝ እሳቸው ጋ አሠርቼ ነበር። ድሮ ጎንደር ባትላሜራ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ መኪናው ሁሉ ፊቱም ጀርባውም ፕላስቲክ ሆኖ ሲያገኙት የፕላስቲክ ብየዳ ተማሩ። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የፕላስቲክ ጀልባ ይበየዳል?»

ዝም አሉ። ከዚያ «ጀልባ?»

«አዎ።»

«የት ነው የቆመው? እዚያ ድረስ ልምጣ ነው የምትይኝ?»

«ኧረ የለም፣ መኪናዬ አናት ላይ ጭኜ የማመጣት ነች።»

«እሷማ ጀልባ አይደለችም፤ ገንዳ ናት። አምጫትና እንያት የኔ ልጅ።»

ጋሼን ለሰው እንድጠቁማቸው ያደረገኝ ከዚህ በኋላ ያየሁት ነገር ነው። መሣሪያ አልሰኩም። መጀመሪያ ከመቀመጫው ሥር፣ ከማይታይ ቦታ፣ በቢላ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ላጡ። ውሃ ባለበት ብርጭቆ ጣሏት፤ ተንሳፈፈች። ከዚያ በፒንሳ ይዘው በላይተር ለኮሷት። ጥቁር ጭስ የለም፤ እንደ ጧፍ ተንጠባጠበች። አሸተቱና ወደ እኔ አፍንጫ አስጠጉት። «ምን ይላል?» ሻማ ሻማ ይላል። «ፖሊኢትሊን ነው» አሉ። በመጨረሻ የጋለውን ብረት ከጠርዟ ነካ አደረጉት፤ ፕላስቲኩ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ሊያዩ የፈለጉት ይህንን ነበር። ይኸው ፕላስቲክ ሌላ ዓይነት አለው፤ ሲሠራ ውስጥ ለውስጥ የተቆላለፈ ስለሆነ ቢግልም አይቀልጥም፣ እንደ ጎማ ብቻ ይሆናል። «ያ ቢሆን ኖሮ ገንዘብሽን አልበላም ነበር» አሉኝ።

ወዲያው ይጀምራሉ ስል ደግሞ እንቢ አሉ። ጋራዡ ውስጥ ያለው የብየዳ ዘንግ የፓራውልት ነው፤ ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ሁለቱም ይንሳፈፋሉ፣ ሁለቱም ይቀልጣሉ፣ ግን አይዋደዱም። ላሳይሽ ብለው ከጠርዟ ላይ ትንሽ አቅልጠው ለጠፉበትና ሲበርድ በጥፍራቸው ሳቡት። እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነስቶ መጣ። «ይህንን ብሠራልሽ ዛሬ ታመሰግኚኛለሽ፣ ወንዝ ላይ ትረግሚኛለሽ። የራሷን ሥጋ አምጪ።»

የራሷን ሥጋ! አብረውኝ ለሚቀዝፉ ሰዎች ጻፍኩ። በማግስቱ አንዱ ግቢው ውስጥ ለዓመታት የተኛች፣ ለሁለት የተከፈለች ብርቱካናማ ካያክ እንዳለችው ነገረኝ። ከእኔዋ ጋር አንድ ፋብሪካ የሠራት። ከጎኗ በመጋዝ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ጋሼ ቁራጩን እንደገና በእሳት ፈትነው ካሸተቱ በኋላ በቀጫጭኑ ሰነጣጥቀው ዘንግ አደረጉት።

ሥራውን ቆሜ አየሁ። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በትራፓኖ ትንንሽ ቀዳዳ በሱ። «ስንጥቅ መቆሚያ ካላገኘ መንገደኛ ነው፤ ይሄዳል።» ከዚያ ስንጥቁን እንደ ቦይ ከፈቱት፣ ፀሐይ ያደረቀውን የላይኛውን ቆዳ ፋቁ። በሙቅ አየር ዙሪያውን አሟሟቁና ዘንጉን እያቀለጡ ሞሉት፤ ከውጭም ከውስጥም። አለመቸኮላቸው ነው የገረመኝ። አንድ ስንዝር ለመሙላት ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ውሃ አላፈሰሱበትም፤ በራሱ ጊዜ ይብረድ ብለው አሳደሯት። በማግስቱ ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጠው ሆዷን በውሃ ሞሏትና ከሥሯ ደረቅ ካርቶን አነጠፉ። ቡና ጠጥተን ስንመለስ ካርቶኑ ላይ አንድ ነጥብ እርጥበት አልነበረም።

ቡናው ላይ ነው «ይህ ግን ምን ማለት ነው፤ ስፖርት ነው ወይስ ዕብደት?» ያሉኝ። ኦሊምፒክ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። እኔ መቅዘፍ የተማርኩት ሎክ 6 የሚባለው ቦታ ካለው ቦይ ነው፤ በላዩ ላይ የመለማመጃ በሮች ተንጠልጥለውበታል። የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ሰዎች የወጡት ከዚህ አካባቢ ነው። እዚሁ ያደገው ጆ ጃኮቢም ከስኮት ስትራውስባው ጋር ሆኖ በ1992 ባርሴሎና ላይ በሁለት ሰው ታንኳ ስላሎም፣ ማለትም በእንደነዚህ ያሉ በሮች መሃል እየቀዘፉ በሚወዳደሩበት፣ ወርቅ ወስዷል። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በደራርቱ ጊዜ?» አዎ፣ በደራርቱ ጊዜ። እሷ 10,000 ሜትሩን ባሸነፈችበት በዚያው ኦሊምፒክ። ከዚያ በኋላ ስለ ካያክ ያወራን መሰላችሁ? ሌሊት ሬዲዮ ሥር ስለተቀመጡበት፣ ደራርቱ የመጨረሻውን ዙር ስትፈተለክ ጎረቤቱ ሁሉ ስለጮኸበት ብቻ ሆነ። ካያኳም ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዳ መባሏ ቀረ።

የጣና ነገርም ተነሳ መቼስ። ልጅ ሆነው ጎርጎራ በደንገል ታንኳ ይሻገሩ ነበር። «ደንገል ቢሆን ኖሮ እኔ ጋ ምን አመጣሽ፤ ውሃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር፣ ሲበሰብስ ሌላ ማሰር።»

ዋጋው 80 ዶላር። ላበዛ ብል «ለአንድ ፓራውልት የምቀበለው ይኸው ነው» ብለው መለሱልኝ። ግን ከገንዘቡ በላይ የምቆጥርላቸው ሲያስረክቡኝ የተናገሩትን ነው። «አሮጌ ናት፤ እኔ ስንጥቅ እዘጋለሁ እንጂ ዕድሜ አልቀጥልም። ፀሐይ ላይ አታውያት። በብርድ ከመኪና ላይ አትጣያት፤ ፕላስቲክ ሲበርደው ይሰባበራል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ገልብጠሽ እዪ፤ ከጠባሳው ጎን ፀጉር የምታህል መስመር ካየሽ ቁሚና አምጫት።» ስንት ባለሙያ ነው የሥራውን ድክመት እንዲህ ዘርዝሮ የሚሰጣችሁ?

መጀመሪያ ያወረድኳት ሎክ 6 ቦይ ላይ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ማዘር ጎርጅ ገባሁ፤ መለኪያው 3.4 ጫማ ነበር፣ ለእኔ ደህና ከፍታ። ሆን ብዬ ሁለት ድንጋይ ላይ አንሸራተትኳት። ስወጣ ስፖንጅ ውስጧ አስገብቼ ጠባሳውን ጠረግኩ፤ ደረቅ። አረንጓዴ ሆድ ላይ የተዘረጋች ብርቱካናማ መስመር ናት፤ ከሩቅ ታስታውቃለች፣ እኔም ወድጃታለሁ። ፎቶዋን አያይዣለሁ።

ወንዙን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይቅርታ። ግሬት ፎልስ ፓርክ ድፎና ዶሮ ወጥ ይዛችሁ ለሽርሽር የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ልጆቹን ከውሃው አርቁ። መዋኘት ቀርቶ እግር መንከርም የተከለከለ ነው። ላዩ ጸጥ ብሎ ሥሩ የሚጎትት ወንዝ ነው፤ እኛ ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ለብሰን፣ መወርወሪያ ገመድ ይዘን፣ ለብቻችን አንገባም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ «ስልኩ አሁንም አላስቀመጠኝም» ብለው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ፓራውልት፣ የመብራት ማቀፊያ፣ የውሃ ታንከር፣ የሞተር ሳይክል ልባስ ይሠራሉ፤ አሁን ደግሞ ካያክ። ፋይበርግላስ አይነኩም። ስንጥቁን ሙጫም ሆነ ሲሊኮን ሳትቀቡት አምጡት፤ የተቀባውን ፍቀው እስኪያወጡ ግማሽ ቀን ይሄድባቸዋል፣ ያንን ደግሞ ያስከፍላሉ። ጀልባዋን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ውሰዱ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላም ቢሆን አይከፍቱም፤ እኔ ደውዬ ተቆጥተውኛል። ከሄዳችሁ ደግሞ የባርሴሎናን ነገር ቀድማችሁ አታንሱ፤ ሥራው ወደ ነገ ይተላለፍባችኋል።