እናቴን ጃፓን ላሳዩልኝ የባቡር ጣቢያ ሠራተኞች

እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ጃፓንን አይተው፣ በሰላም አገራቸው ገብተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ይመስገን። የማመሰግናቸውን ሰዎች ስም አላውቅም። ዩኒፎርም የለበሱ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ፣ ብብታቸው ሥር ተጣጣፊ መወጣጫ የያዙ የባቡር ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። እዚህ አገር ኤኪኢን ይባላሉ። ጃፓን እየኖራችሁ፣ ወላጆቻችሁን መጋበዝ አስባችሁ፣ «በዚያ ጉልበቷ የት ትደርሳለች» ብላችሁ ነገሩን የተዋችሁት ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እማዬ ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ቤት ውስጥ ደህና ናት። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ለመመለስም ምርኩዟ ይበቃታል። ጃፓን ግን በእግር የምትታይ አገር ናት። ቶኪዮ ያለው ሺንጁኩ ጣቢያ ብቻውን ከ200 በላይ መውጫ አለው። ባቡር መቀየር ማለት ደረጃ መውጣት፣ ኮሪደር ማቋረጥ፣ እንደገና ደረጃ መውረድ ማለት ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) ባለ ዊልቸር መኪና ከነሹፌሩ በቀን የጠየቀኝን ዋጋ ስሰማ ስልኩን በትህትና ዘጋሁት።

ዊልቸሩን ያገኘሁት ያለ ብዙ ጣጣ ነው። በብዙ ክፍለ ከተሞች ሻኪዮ የሚባል የማኅበራዊ አገልግሎት ምክር ቤት አለ። ለአካባቢው ነዋሪ ዊልቸር ለአጭር ጊዜ በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ ያውሳሉ። መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። ከባዱ ሥራ እማዬን እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነበር። «እኔ ምን ሆኜ ነው በጋሪ የምገፋው? ሰው ምን ይላል?» አለች። እዚህ አንድም የሚያውቃት ሰው እንደሌለ ብነግራትም አልሰማችኝም። በመጨረሻ አባዬ «እንግዲያው እኔ ደክሞኛል፣ እኔን ግፉኝ» ብሎ ሊቀመጥ ሲል ነው ያስነሳችው። «አንተማ ትሰብረዋለህ!» ብላ ራሷ ተቀመጠች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣቢያ ስትደርሱ፣ ካርድ በምንነካበት መግቢያ ጎን ሠራተኛ ያለበት መስኮት አለ። ወደዚያ ሂዱና «ኩሩማኢሱ ዴስ» በሉ፣ ዊልቸር ነው ማለት ነው። የምትወርዱበትን ጣቢያ ንገሩ። ባቡር የምትቀይሩ ከሆነ ያንንም ንገሩ። ሠራተኛው ስልክ አንስቶ የምትወርዱበት ጣቢያ ይደውላል። ስንት ሰዓት ላይ በሚነሳው ባቡር፣ በስንተኛው ፉርጎ፣ በየትኛው በር እንደምትወጡ ይናገራል። ከዚያ እናንተን ሊፍቱ ድረስ፣ ከሊፍቱ ደግሞ ፕላትፎርሙ ድረስ ይወስዳል። ባቡሩ ሲቆም መወጣጫውን በሩ ላይ ይዘረጋል። ገባችሁ ማለት ነው። ዋጋው የራሳችሁ የባቡር ትኬት ብቻ ነው።

መጀመሪያ በዚህ መንገድ የሄድነው ከሺንጁኩ በኬኦ መስመር ወደ ቶቢታኪዩ ነበር። ሠራተኛው መነጽር ያደረገ፣ ጠና ያለ ሰው ነው። ሊፍት ውስጥ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ፣ በሩ ሲከፈት በእጁ ያዘው፣ እኛ ወጥተን ሳናልቅ አልለቀቀም። ባቡሩ መጣ። መወጣጫውን ዘረጋ፣ በጫማው ጫፍ ረገጥ ረገጥ አድርጎ መጽናቱን አየ። አስገባንና አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠ። እስኪዘጋ ድረስ ከበሩ አልራቀም።

ደረስን። በሩ ሲከፈት አንዲት ወጣት ሠራተኛ ልክ እኛ በር ፊት ለፊት፣ መወጣጫዋን ይዛ ቆማለች። ባቡሩ ረጅም ነው፣ በሩ ብዙ ነው። እሷ ያለችው እኛ በር ላይ ነው። እማዬ ዞር ብላ አየችኝና «ማን ነገራት?» አለች። ስልክ ተደውሎ እንደሆነ ነገርኳት። «ለእኔ ብለው?» አለች። ከዚያ ልጅቷን «የኔ ልጅ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ከፍ በይልኝ» እያለች መረቀቻት። ልጅቷ ምንም አልገባትም፣ ግን አጎነበሰች። እማዬም ከወንበሯ ሆና አጎነበሰች። ልጅቷ ይበልጥ ዝቅ አለች። እጅ መንሳት ለእናቴ አዲስ አይደለም፤ በዚህ ነገር ከጃፓኖች ጋር አንድ ቀን እንኳ ሳይግባቡ አልቀሩም።

አባዬ ደግሞ ኪሱ ገባ። «ለሻይ» ብሎ አንድ ሺህ የን ዘረጋላት። ልጅቷ ሁለት እጇን እያወዛወዘች ወደ ኋላ ሸሸች። አባዬ ተከተላት። እኔ በመሃል ገብቼ አስጣልኩት። ወላጆቻችሁን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፦ እዚህ አገር ለሠራተኛ ጉርሻ መስጠት ማስጨነቅ ነው። ከልብ «አሪጋቶ ጎዛይማስ» ማለት ይበቃል።

ቶቢታኪዩ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ የሚል ይኖራል። የቱሪስት ቦታ አይደለም። የአባዬ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሯጮቹ ከብሔራዊ ስታዲየሙ ተነስተው፣ በኮሹ ካይዶ መንገድ ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ዞረው የተመለሱት እዚህ ጋ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው በእኛ አቆጣጠር። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፣ ሁለተኛው ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። የዚያን ጊዜ አባዬ ልጅ ነበር፤ ወሬውን የሰማው ጎረቤት ቤት ከነበረች ሬዲዮ ነው። ዛሬ ቦታው መኪና የሚተምበት ተራ አውራ ጎዳና ነው። መንገድ ዳር ማዞሪያውን የሚያሳይ ምልክት ቆሟል፣ ሌላ ምንም የለም። አባዬ ግን እያንዳንዱን ጎን በስልኩ ፎቶ አነሳ። አበበ እንደ ጨረሰ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ የሠራውን ጂምናስቲክ በቃሉ ተረከልን፣ እጁን ዘርግቶ ሊያሳየንም ከጀለው።

ከዚያ ወደ እማዬ ዞረና አበበ እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ አቅቶት በዊልቸር ላይ እንደነበረ፣ በዚያም ሆኖ እንግሊዝ ሄዶ በቀስት ውርወራ እንደተወዳደረ ነገራት። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበሩ ማጉረምረም ቀረ። ቢያንስ እስከ ማግስቱ። (በነገራችን ላይ በዕድሜ የገፉ ጃፓናውያን ዘንድ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ከማለት «አበበ» ማለት ይፈጥናል። ፊታቸው ወዲያው ይበራል።)

ኪዮቶ ስንሄድ ሌላ ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች መጡ፤ ዕቃ አመላላሾቹ። ወላጅ ከኢትዮጵያ ሲመጣ ሻንጣው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮሰረት፣ ጀበና በነጠላ ተጠቅልሎ። (ቋንጣ ግን እንዳታስቡት፣ የሥጋ ነገር ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።) እንዲህ ያለ ሻንጣ ይዞ ዊልቸር መግፋት አይቻልም። በዚያ ላይ በፈጣኑ ባቡር፣ በሺንካንሰን፣ የሦስቱ ጎን ድምር ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ቀድሞ ቦታ ሊያዝለት ይገባል። ሳይመዘገብ ይዞ የተገኘ 1,000 የን ይከፍላል። እኛ ግን ታክኪዩቢን የሚባለውን የያማቶ ድርጅት የዕቃ ማመላለሻ አገልግሎት ተጠቀምን። ጥቁሯ ድመት ልጇን በአፏ አንጠልጥላ የምትታይበት መኪና ነው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሾፌሩ ቤት ድረስ መጥቶ ወሰደ። በማግስቱ ኪዮቶ ሆቴላችን ስንደርስ ሻንጣው እንግዳ መቀበያው ላይ ይጠብቀናል። ሲመለስም የሚደርስበትን ሰዓት መርጣችሁ ማስመጣት ትችላላችሁ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ሾፌሩ ሻንጣውን ይዞ በሩጫ ደረጃ ሲወጣ ያየችው እማዬ «ቡና ጠጣ» ብላ ልታስገባው ነበር። ምስኪን፣ ገና ስንት ቤት ይቀረዋል።

ሺንካንሰን ላይ ዊልቸር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቦታው አስቀድሞ ይያዛል። በቶካይዶ መስመር 11ኛው ፉርጎ ላይ ነው። መስመሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ነው፣ ኦሊምፒኩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት። አባዬ ይህንንም ሲሰማ ከአበበ ጋር አገናኘው፣ «አበበ ይመጣል ብለው ነው የቸኮሉት» አለ። ቶኪዮ ጣቢያ ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ ከመግቢያው እስከ መቀመጫችን አደረሰን። ከሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ በኋላ ኪዮቶ ላይ ሌላው መወጣጫውን ይዞ ቆሟል። እማዬ በዚህ ጊዜ «ማን ነገረው» አላለችም። «መጥቷል አይደል?» ብላ በመስኮት ፈለገችው።

ምግብን በተመለከተ ባጭሩ፦ የቼሪ አበባ ወቅት ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው። ጃፓን ውስጥ አትክልት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሾርባ ውስጥ የደረቀ ዓሣ መረቅ አለ። ዳሺ ይሉታል። እናትህ ዓሣም የማትበላ ጿሚ ከሆነች የምታርፈው የመነኮሳት ምግብ የሆነውን ሾጂን ሪዮሪ ስታገኝ ነው። ሥጋም ዓሣም የለውም። ኪዮቶ ውስጥ ብዙ ቦታ ይገኛል። ቀሪውን ጊዜ ሽሮው ሸፈነልን።

ናራን ከኪዮቶ ደርሶ መልስ አደረግነው፣ በኪንቴትሱ ባቡር፣ ያው በመወጣጫው። ለዊልቸር ተስማሚ ነው፣ መናፈሻው ባብዛኛው ሜዳ ነው። ከ1,000 በላይ አጋዘኖች ሰው መሃል ይንጎራደዳሉ። አባዬ ቶዳይጂ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ገብቶ 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የነሐስ ቡድሃ አየ። በ752 ነው የተመረቀው፣ አሁን ያለው የእንጨት አዳራሽ ደግሞ የ1709 ሥራ ነው። እማዬ «ጣዖት ቤት አልገባም» ብላ ውጪ ቀረች። እኔም አላስገደድኳትም። ዛፍ ሥር ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ ለአጋዘኖቹ ብስኩታቸውን ስታድል አንዱ ራሱን ዝቅ ዝቅ አድርጎ ለመናት። ናራ ውስጥ ለምደውት ነው። «ይኸውልህ፣ እነሱም እጅ ይነሳሉ» ብላ ብስኩቱን ሁሉ ለእሱ ሰጠችው። ሌሎቹ ነጠላዋን መጎተት ጀመሩ፣ ዊልቸሩን ይዤ ሸሸሁ።

የሚያስቸግሩ ነገሮችንም ልንገራችሁ፣ ሙገሳ ብቻ እንዳይሆን። የሚደርሱበት ጣቢያ ሠራተኛ እስኪዘጋጅ አንዳንዴ አንድ ሁለት ባቡር ያልፋችኋል። ስለዚህ ሰዓት ጨምራችሁ ውጡ። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ግፊያ ጨርሶ አትሞክሩት። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከምትፈልጉት መውጫ በተቃራኒው ጫፍ ነው። ገጠር ወጣ ስትሉ ሠራተኛ የሌላቸው ጣቢያዎች አሉ፤ እዚያ ለመሄድ በዋዜማው ደውሎ መነጋገር ይሻላል። ኪዮቶ ባለው የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ ያሉትን ቀያይ በሮች እስከ ላይ ለመውጣት ደግሞ ማንም ሠራተኛ አይረዳችሁም፣ ደረጃ ነው። ከታች ፎቶ ተነስታችሁ ተመለሱ። እኛ ያደረግነው እሱን ነው፣ ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

እነዚህን ሠራተኞች ማመስገን የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው። የባቡር ድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ የደንበኞች አስተያየት መቀበያ አለ። ቀኑን፣ ጣቢያውንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ጃፓንኛችሁ ደካማ ቢሆንም ችግር የለም። እኔ ለቶቢታኪዩዋ ልጅ፣ ለሺንጁኩው ባለ መነጽር ሰውዬና ለኪዮቶው ሠራተኛ ለየብቻ ጽፌያለሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትደውል ስለ ልጆቼ ከመጠየቋ በፊት «ጻፍክላቸው?» ነው የምትለኝ።

ወላጅ ልታመጡ ያሰባችሁ፣ ዊልቸር ስለመዋስም ሆነ የሺንካንሰን ቦታ ስለመያዝ ግር ያላችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማታ ማታ እመልሳለሁ።