መጀመሪያ ፌሎሺፕ ወይስ ፒኤችዲ?

ጅማ ላይ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲውን (የስፔሻሊስትነት ሥልጠናውን) ሊጨርስ የተቃረበ ወዳጄ ቡና ይዘን "የትኛው ይሻለኛል?" አለኝ። ካንሰር ላይ መሥራት ይፈልጋል፤ ምርምርም ይወዳል።

በቀጥታ ፌሎሺፕ፣ ማለትም ከስፔሻሊስትነት በኋላ ወደሚወሰደው የካንሰር ቀዶ ሕክምና ሥልጠና፣ ቢገባ 2 ዓመት ገደማ ነው። እጁ አይቦዝንም። ከጡት ያወጣውን ዕጢ ራሱ በክር ምልክት ያደርግበታል፤ ለምሳሌ አጭሩ ክር የላይኛውን፣ ረጅሙ የጎኑን ጠርዝ ያሳያል። ከዚያ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ይከተዋል። ፓቶሎጂስቱ (ዕጢውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ካንሰሩ የትኛው ጠርዝ ድረስ እንደደረሰ የሚናገረው በዚያ ክር ነው። ኪሱም ቶሎ ይተነፍሳል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ፒኤችዲው ብዙ ጊዜ 4 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሚስቱ ስትሰማ ምን እንደምትል እንጃ! ግን በርናርድ ፊሸርን እዩት። አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። ጡትን ከደረት ጡንቻው ጋር ማንሳት እንደ ሕግ በሚቆጠርበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ጥናቱ ያን ያህል መቁረጥ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳየ። ያንን በምላጭ ብቻ ማወቅ አይቻልም ነበር።

እኔ ብሆን ፌሎሺፑን አስቀድማለሁ። ጥናቱንም እዚያው፣ ታካሚዎቹ ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ በመጠየቅ እጀምራለሁ። ወዳጄ ግን ገና ሁለተኛ ስኒ አዟል።