የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይስ ምርጥ ምድጃ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ማድ ቤት የሚሠራ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል።

ወጪ፦ የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሲገዛ ውድ ነው። «ምርጥ» የሚባለው፣ በሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ይረክሳል፤ እንጨት ግን ይጠይቃል፣ ከሦስት ጉልቻው ግማሽ ያህሉን ቢሆንም።

አመቺነት፦ ኤሌክትሪኩ ጭስ የለውም፤ ቆመው ይጋግሩበታል፤ ልጅ ላዘለች እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምርጥ ምድጃ ደግሞ ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ወጥ ያበስላል። ይህን ያሰበ ሰው ከጋጋሪ አጠገብ ተቀምጦ የዋለ መሆን አለበት!

ስጋት፦ ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በቀጭን ሽቦ አይሞከርም። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲጠፋ የሚመጣውን ንዴት ደግሞ ቆጣሪ አይለካውም።

የራሱ ቆጣሪና አስተማማኝ መስመር ላለው ከተሜ ኤሌክትሪኩ፣ ጓሮው ባሕር ዛፍ ላለው ገበሬ ምርጥ ምድጃው ይስማማል። እኔ ቤት ሁለቱም አሉ፤ የቅዳሜን መብራት አላምነውም።