«ዲፍሎክ ነው» ብለው የተበየደ ዲፈረንሻል ሸጡልኝ፦ የድሮ ላንድክሩዘር ያላችሁ ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ የድሮ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ይዛችሁ «ዘንድሮስ ጭቃ አይይዘኝም» ብላችሁ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ለማስቀየር ካሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ 95 ሺህ ብሬንና የአባቴን ደህና ዲፈረንሻል አጥቻለሁ።

መኪናዋ ቢጄ 40 የምትባለው ላንድክሩዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራች፣ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ። ከአባቴ ነው የወረስኳት። እናቴ መንዝ ስለምትኖር ዓመቱን ሙሉ በጣርማበር በኩል እመላለሳለሁ። ዋናው መንገድ ላይ ችግር የለም። ወደ እናቴ ቤት የሚያስገባው ግን ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ያወልቃል። ባለፈው ሐምሌ የቀኝ የኋላ ጎማዬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ ግራው ሣር ላይ ቆሟል። ነዳጅ ስሰጣት የሰመጠው ብቻ በባዶ ይፈተላል። ሣር ላይ ያለው ንቅንቅ አይልም። የመንደሩ ሰው በዝናብ ወጥቶ ገፍቶ አወጣኝ።

እንዲህ የሚሆነው መኪናዋ ስለተበላሸች አይደለም። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። አንዱ ጎማ መሬት ካልያዘ እሱን ለማሽከርከር የሚበቃው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው፤ ሌላውም የሚደርሰው ያችው ትንሿ ናት። ዲፍሎክ የሚባለው ዕቃ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ ስለዚህ የያዘው ጎማ መኪናውን ያወጣታል። ሐሳቡ ትክክል ነው። እኔን ያስበላኝ ሐሳቡ ሳይሆን አገዛዜ ነው።

አንድ ደላላ መርካቶ አካባቢ ካለ ሱቅ ወሰደኝ። ሻጩ በጣም ትሁት ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ አውቶማቲክ ዲፍሎክ ነው። ጭቃ ላይ ራሱ ይቆልፋል፣ አስፋልት ላይ ስትታጠፍ ራሱ ይለቃል። ማብሪያ የለው፣ ቱቦ የለው» አለኝ። ዕቃው በግራሶ ተለቅልቆ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ልፈታው ስል «አቧራ ይገባበታል» አለ። ዋጋው 110 ሺህ። «የድሮውን ካመጣህ 15 ሺህ እቀንስልሃለሁ፤ መግጠሙም በነፃ ነው፣ የራሴ ልጅ ይገጥምልሃል» ሲለኝ ደስ አለኝ። ልጁ ሲገጥም ሻጩ ቡና ጋበዘኝ። ስንመለስ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ፣ የድሮው ዲፈረንሻል ተጭኖ ሄዶ ነበር።

ያ የነፃ መግጠም ምን እንደነበር የገባኝ ከወር በኋላ ነው። በኔ መኪና የኋላ አክስሎቹ (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) የሚያዙት ዲፈረንሻሉ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ቅንጥቦች ነው። ገጣሚው የኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ የመሐሉን ዘንግ አውጥቶ ቅንጥቦቹን ማስገባት አለበት። ያን ሲሠራ የውስጥ ማርሾቹ እርስ በርስ መበየዳቸውን በዓይኑ ሳያየው አይቀርም። የራሴ መካኒክ ቢገጥመው ኖሮ ያን ቀን ይነግረኝ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሻጩ «በራሴ ሰው ካልተገጠመ» ካላችሁ ወይም ሲገጠም አጠገቡ እንዳትቆሙ ካደረጋችሁ ያን ዕቃ ተዉት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር አደባባይ ላይ ነው። መሪውን አጥፌ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች። የኋላ ጎማው ይጮኻል። መኪና ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ የዲፈረንሻል ሥራው ያንን ልዩነት መፍቀድ ነው። ከተበየደ አይፈቅድም። ሁለቱም እኩል ይዞራሉ፣ አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ። ሻጩ ጋ ስደውል «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲለማመድ ይተዋል» አለኝ። አመንኩት። ከዚያ ነሐሴ ላይ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስወርድ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ አንድ ኩርባ ስገባ የኋላው ሸርተት ብሎ ወደ ገደሉ በኩል ወጣ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። እንዴት እንደመለስኳት አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ገንዘቡን ይቅር ማለት እችል ነበር፤ ዝም ያላልኩት በዚያች ኩርባ ምክንያት ነው።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወደማውቃቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝ» አልኳቸው። ምንም ነገር አልፈቱም። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገዱ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስተው ድጋፍ አስገቡ፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። አንዱን ጎማ በእጃቸው አዞሩ። ሌላው በዚያው አቅጣጫ አብሮ ዞረ። «ተራ ዲፈረንሻል ቢሆን በተቃራኒው ነበር የሚዞረው፤ ይሄ ታስሯል። አሁን ደግሞ አውቶማቲክ ነው ወይስ ብየዳ የሚለውን እንለይ» አሉኝ። ማርሽ አስገቡ። እኔ ግራውን ጎማ ወደ ፊት ገፍቼ እንድይዝ አደረጉና እሳቸው ቀኙን ወደ ኋላ ገፉት። እውነተኛ አውቶማቲክ ዲፍሎክ በዚህ ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይለቃል። የኔው ድንጋይ ሆነ። ንቅንቅ የለም።

ይህን ሙከራ እባካችሁ በቃላችሁ ያዙት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ክሪክና አንድ ጓደኛ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሻጩ ጋር ስትስማሙም ቀሪው ክፍያ ከዚህ ሙከራ በኋላ ይሁን። ቀብድ ስጡ፣ ሙሉውን አትስጡ።

ዕቃው ገና መኪና ላይ ካልገባ ደግሞ ፕላስቲኩን አስፈቱ። «አቧራ» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ በናፍጣና በብሩሽ እጠቡት። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ስታዩ ሾጣጣ ትንንሽ ማርሾች አሉ። ተራ ከሆነ በጣታችሁ ይዞራሉ። ማርሾቹ እያሉ የማይዞሩ ከሆነ፣ በመካከላቸውም የቀለጠ ብረት ካለ፣ ብየዳ ነው። እውነተኛ አውቶማቲክ ዲፍሎክ ውስጥ እነዚያ ሾጣጣ ማርሾች ጭራሽ የሉም፤ በነሱ ፋንታ እርስ በርስ የሚነካከሱ ባለ ጥርስ ቀለበቶችና ትንንሽ ሞላዎች ናቸው። የአየር ዲፍሎክ (በአየር ግፊት የሚቆለፍ) ነው ካሏችሁ ደግሞ የአየር ቱቦው፣ ኮምፕሬሰሩና ማብሪያው የት አለ በሉ። እነሱ ከሌሉ የአየር አይደለም።

በርግጥ ዲፈረንሻላቸውን ሆን ብለው የሚያስበይዱ ሰዎች አሉ። አስፋልት የማይረግጥ፣ ጭቃና አሸዋ ላይ ብቻ የሚነዳ መኪና ላይ ርካሽ መፍትሔ ነው። እነሱ ግን ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ። ብየዳን ዲፍሎክ ብሎ በዲፍሎክ ዋጋ ለቤተሰብ መኪና መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ማርሾቹ በሙቀት የጠነከሩ ብረቶች ናቸው፤ የብየዳው እሳት ያን ጥንካሬ ያበላሸዋል። ሲሰነጠቅ ፍርፋሪው በኮሮናው (ትልቁ ክብ ማርሽ) እና በፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) መካከል ይገባል። ጋሼ የኔን ሲከፍቱት ብየዳው አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ጀምሮ ነበር።

ጉዱ ግን በዚህ አላበቃም። ፒኞኑ ላይ ያሉትን ጥርሶች ቆጠሩና ዝም አሉ። 10 ነው። ኮሮናው 37። የፊት ዲፈረንሻሌ ደግሞ 37 በ9 ነው። 37ን ለ9 ስታካፍሉት 4.11 ይመጣል፣ ለ10 ሲሆን 3.70። ቶዮታ ለነዚህ መኪኖች ሁለቱንም ሠርቷል፤ ከውጭ ሲያዩአቸው አይለዩም። ፎር ዊል ሳስገባ ከፊትና ከኋላ ያሉት ዘንጎች እኩል ነው የሚዞሩት። የኋላ ጎማዬ 10 ጊዜ ሲዞር የፊቱ 9 ጊዜ ብቻ ይዞራል ማለት ነው። የኔ ጎማ አንድ ዙር ወደ 2.5 ሜትር ይሄዳል። በየ25 ሜትሩ የፊትና የኋላ ጎማዎች በ2.5 ሜትር ይለያያሉ፤ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ያ ልዩነት መውጫ የለውም። ዘንጎቹንና የፎር ዊል ካምቢዮውን እየጠመዘዘ ይከማቻል፣ በመጨረሻ ደካማው ነገር ይሰበራል። እኔን ያተረፈኝ በዚያ ወር ፎር ዊል ያስገባሁት ጭቃ ላይ፣ ያውም ሁለቴ ብቻ መሆኑ ነው።

ምልክቱ እኮ ነበረ። ሞተሩ ቀደም ሲል ከሚጮኸው ዝቅ ብሎ ይሰማኝ ነበር፣ መኪኖችንም በቀላሉ እቀድም ነበር። «አዲሱ ዲፈረንሻል አፈጠናት» ብዬ ደስ ብሎኛል። የፍጥነት መለኪያው ከዲፈረንሻሉ በፊት ካለው ካምቢዮ ስለሚያነብ ለውጡን አያውቅም። 80 ሲለኝ ወደ 89 እየሄድኩ ነበር።

የራሳችሁን ቁጥር ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። ተራ ዲፈረንሻል ከሆነ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ አንሱ፣ ጎማውና ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ዘንጉ ከ4 ዙር ጥቂት ካለፈ 4.11 ነው፣ ለ4 ትንሽ ከጎደለው 3.70። የታሰረ ከሆነ ሁለቱንም ጎማ አንስታችሁ አንድ ዙር ብቻ ነው። ያን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙና ያንኑ ቁጥር ብቻ ግዙ። ኮሮናና ፒኞንም አንድ ላይ ተፈጭተው የተስማሙ ጥንዶች ናቸው፤ አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ ለቃቅሞ የገጠመ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ጩኸት ይሸጥላችኋል።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ደረሰኝ ጠየቀኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም ነበር። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ፣ ቡናም አልጋበዘኝም። የአባቴን ዲፈረንሻል ስጠይቅ በዚያው ሳምንት ተሸጧል። 15 ሺህ ያስቀነሰልኝ ዕቃ፣ ጃፓን የተሠራ፣ ድምፅ የሌለው፣ ትክክለኛው 37 በ9፣ ስንት እንደተሸጠ ልነግራችሁ አልችልም። ስለዚህ የድሮውን ዕቃችሁን በጭራሽ አትስጡ። አዲሱ ስድስት ወር እስኪሠራ ቤታችሁ አስቀምጡት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ ግን አቤት የሚባለው ወረቀት ተይዞ ነው። ደረሰኙ ላይ «ዲፈረንሻል» ብቻ አይጻፍ። «አውቶማቲክ ዲፍሎክ፣ 37/9፣ ያልተበየደ» ተብሎ ይጻፍ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካመነታ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

አሁን ተራ ዲፈረንሻል መልሼ ገጥሜያለሁ። ሶማሌ ተራ ካለ አንድ ጨዋ ነጋዴ ነው የገዛሁት፤ ጥርሱን እኔ ሳልጠይቀው ራሱ አጥቦ ቆጠረልኝ። ብር ሳጠራቅም በማብሪያ የሚሠራ የአየር ዲፍሎክ አስገባለሁ፤ አስፋልት ላይ እንደ ተራ የሚሠራ፣ ጭቃ ላይ ሲፈለግ የሚቆለፍ። እስከዚያው ግን ደህና የጭቃ ጎማ ገዝቻለሁ፣ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ስገባ ነፋሱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ አካፋም ይዣለሁ። በዚህም ብዙ ርቀት ይኬዳል።

የተበየደውን አንድ ሰው በ40 ሺህ ልግዛህ ብሎኝ ነበር። አልሸጥኩትም። ቀይ ቀለም ቀብቼ፣ ፒኞኑን በፍሌክስ ቆርጬ ግቢዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።